ከማክ ወደ ዊንዶውስ፣ በጳጉሜ በኩል

በእኛ አገር የኮምፒውተር ባለሙያ ለመባል ዲግሪ አያስፈልግም። ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት ፕሪንተር ውስጥ የተሰነቀረ ወረቀት አንድ ጊዜ መዝዞ ማውጣት ይበቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሹመቱ የዕድሜ ልክ ነው፤ ይግባኝም የለውም። የአክስት ስልክ «ቦታ ሞልቷል» ሲል፣ የጎረቤት ዋይፋይ ሲጠፋ፣ የዕድሩ ጸሐፊ የአባላቱን ዝርዝር የት እንዳስቀመጠው ሲረሳ፣ የሚጠራው ያው ሰው ነው። እኔም በዚሁ መንገድ ነው የተሾምኩት። ወረቀቱን የመዘዝኩት በባለቤቴ የቅንድብ መንቀያ እንደነበር ዛሬ የሚያስታውስ የለም።

የባለቤቴ ወንድም አንድ ጊዜ ከአሜሪካ ሲመጣ ትቶልን የሄደው ማክ ላፕቶፕ ለብዙ ዓመት የቤታችን ፎቶ ማስቀመጫ ሆኖ ኖረ። ሠርጉ፣ መልሱ፣ ቅልቅሉ፣ ክርስትናው፣ ምረቃው፣ ሁሉም እዚያ ነው። ላፕቶፑ ዕድሜው ገፍቶ፣ ባትሪው አብጦ፣ የሠፈሩ ጠጋኝ ባትሪውን አውጥቶለት በገመድ ብቻ መሥራት ሲጀምር፣ ባለቤቴ ዊንዶውስ የተጫነበት አዲስ ላፕቶፕ ገዝታ ገባች። የዚያኑ ዕለት ቡና እየቆላች፣ «በል እንግዲህ፣ ፎቶዎቹን ወደዚህኛው አምጣቸው፤ በረካ ላይ ስንደርስ ትጨርሳለህ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ስንት በረካ እንደተጠጣ አልቆጠርኩም።

ላልገጠመው ሰው ነገሩ ቀላል ይመስለዋል። ፎቶ ፎቶ ነው፤ ከአንዱ ኮፒ፣ ሌላው ላይ ፔስት። ማክ ላይ ያለው የፎቶ ፕሮግራም ግን ፎቶዎቹን እንደዚያ በትኖ አያስቀምጥም። ሁሉንም አንድ ትልቅ እሽግ ውስጥ ከትቶ ለባለቤቱ አንድ ፋይል አስመስሎ ያሳየዋል። ያንን እሽግ እንዳለ ወስዶ ዊንዶውስ ላይ የከፈተ ሰው አልበም አያገኝም። በአዳዲሶቹ ማኮች ላይ «ኦሪጅናልስ» የሚል ፎልደር አለ፤ እሱ ውስጥ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ፣ ከኤ እስከ ኤፍ የተሰየሙ 16 ፎልደሮች አሉ፤ እነሱ ውስጥ ደግሞ ስማቸው ከ30 በላይ ፊደልና ቁጥር የሆነ ፎቶዎች ተኮልኩለዋል። ሙሽሪት ኤፍ ውስጥ ናት፤ ሙሽራው ሦስት ውስጥ ነው፤ ሚዜዎቹ በየቤቱ ተበትነዋል። ማን ከማን ጋር እንደሆነ የሚያውቀው እዚያው እሽግ ውስጥ ያለ የመረጃ ቋት ነው፤ ቋቱን አንብቦ አልበም የሚያደርገው ደግሞ ማክ ላይ ያለው ፕሮግራም ነው። ስለዚህ ትክክለኛው መንገድ ማኩ በሕይወት እያለ ፕሮግራሙን ከፍቶ «ኤክስፖርት» ማለት ነው። ቤቱ አሮጌ ማክ ያለው አንባቢ ይህችን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ያንብባት።

ኤክስፖርት ሲባል ደግሞ ምርጫ ይቀርባል፦ ፎቶውን ካሜራው እንዳነሳው ልስጥህ ወይስ ካስተካከልከው በኋላ ያለውን? «ኦሪጅናል ይሻላል» የሚል አመል አለን፤ ቅቤም ማርም ስንገዛ የምንለው ነው። ኦሪጅናሉ ግን እውነትን ሁሉ ይዞ ይመጣል። ባለቤቴ ዓመታት ሙሉ ከፎቶ ጠርዝ ላይ እየቆረጠች ያስወጣቻቸው ዘመዶች ኦሪጅናሉ ላይ በክብር ቆመው ተገኙ። ከመካከላቸው ከቤተሰቡ እርቅ በፊት የተቆረጡ አሉ፤ መመለሳቸው ባልከፋ። ከእርቁ በኋላ የተቆረጡም አሉ። የእነሱ ፎቶ አማቴ ሳያዩት ማለፍ ነበረበት።

ማጓጓዣውም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በማክ አሠራር የተዘጋጀ ሃርድ ዲስክ ዊንዶውስ ላይ ሲሰካ ዊንዶውስ ሊያነበው አይችልም። «ይህን ዲስክ ለመጠቀም ፎርማት መደረግ አለበት፤ ላድርገው?» ብሎ ይጠይቃል። በትሕትና የቀረበ ጥያቄ ነው፤ «እሺ» ያለ ሰው ግን ሠርጉንም መልሱንም አብሮ ሰጥቷል። ዊንዶውስ በሚጠቀምበት በኤንቲኤፍኤስ የተዘጋጀውን ዲስክ ደግሞ ማክ ያነበዋል እንጂ አይጽፍበትም። ሁለቱም የሚያነቡትና የሚጽፉበት አሮጌው ፋት 32 ነው፤ እሱ ደግሞ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። የእኛ አገር የሠርግ ቪዲዮ መኪናው እስኪታጠብ እንኳ 4 ጊጋባይት አይበቃውም። መፍትሔው ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ኤክስፋት የሚባለው ነው፤ ሁለቱም ወገን ያለ ቅሬታ ይሠሩበታል። (ከዚህ በኋላ እ.ኤ.አ. ያልኩት የእነሱ፣ ዓ.ም. ያልኩት የእኛ ነው። ይህ ማሳሰቢያ ለምን እንዳስፈለገ ቆይቶ ይገባችኋል።) ዲስኩ ተዘጋጀ፤ ኮፒው ተጀመረ፤ ሊገባደድ ሲል መብራት ሄደ። ባትሪ የሌለው ማክ አብሮ ሄደ። ይህ የማክም የዊንዶውስም ጥፋት ስላልሆነ አልፈዋለሁ።

ከዚያ ስሞቹ ተጣሉ። ካሜራዎች ፋይል የሚሰይሙበት ደንብ እ.ኤ.አ. በ1998 ከጃፓን የወጣ ነው፤ የፎቶው ስም መጨረሻ ላይ አራት አሃዝ ይኖራል፣ ከ0001 ይነሳል፣ 9999 ሲደርስ ተመልሶ ከ0001 ይጀምራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ካሜራና ብዙው ስልክ የራሱ 0001 አለው። የእኔ 0001 የደብረ ዘይት ሐይቅ ነው፤ የባለቤቴ 0001 የእህቷ ልጅ ጥርስ ነው፤ የወንድሟ 0001 በስህተት የተነሳ የገዛ ጣቱ ነው። ሦስቱ አንድ ፎልደር ውስጥ ሲገናኙ ኮምፒውተሩ «በአንዱ ሌላውን ልተካ?» ይላል። የቸኮለ ሰው «ለሁሉም ተካ» ብሎ ቡናውን ሊጠጣ ይሄዳል፤ ሲመለስ ሐይቁም ጥርሱም የሉም፤ ጣቱ አለ። ሁለቱንም አስቀምጥ የሚለውን መምረጥ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የየሰዉን ለየብቻ ፎልደር ማድረግ ነው።

በሰላም ከደረሱት መካከል ደግሞ ፊታቸውን የማያሳዩ ነበሩ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2017 ከአይኦኤስ 11 ጋር አይፎን ፎቶ የሚያስቀምጥበትን መንገድ ከጄፔግ ወደ ሄይክ አዞረው። ሄይክ ተመሳሳይ ጥራት ያለውን ፎቶ በግማሽ ገደማ ቦታ ያስቀምጣል፤ ለስልክ መልካም ነው። ዊንዶውስ ላይ ግን የሚያነብለት ተጨማሪ ማሟያ ካልተጫነ ስሙ ብቻ ይታያል። ያለው አማራጭ ማሟያውን መጫን ወይም ከማክ ሲወጣ ወደ ጄፔግ እንዲቀየር ማዘዝ ነው፤ ጄፔግ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ስላለ የማያውቀው ማሽን የለም። ባለቤቴ ግን የራሷ ትንታኔ ነበራት። «ወንድሜ ያነሳቸው ብቻ ናቸው የማይከፈቱት፤ ድሮም ሲያነሳ እጁ ይንቀጠቀጣል» አለች።

እንግዲህ እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ በማሽንና በማሽን መካከል ያለ ነገር ነው፤ መፍትሔ አለው፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ቀላል ነው» እያለ ግማሹን ፈትቶልኛል። ወደ ዋናው ነገር የገባነው ፎቶዎቹ ተከፍተው በቀን ቅደም ተከተል ከተደረደሩ በኋላ ነው።

አማቴ መነጽራቸውን አድርገው ከፊት ተቀመጡ። አዲሱ ላፕቶፕ ፎቶዎቹን ከአሮጌው ወደ አዲሱ ያሳያል። መጀመሪያ የመጣው የልጃችን ክርስትና ነበር። እሱ አልፎ፣ ሌላ ሌላ ነገር ታይቶ፣ ከአምስት ዓመት በላይ ቆይቶ ሠርጋችን መጣ።

«በስመአብ!» አሉ አማቴ። «ልጁ ከሠርጉ በፊት ነው እንዴ?»

«ካሜራው ነው፣ እማማ።»

«ካሜራው እዚህ ውስጥ ምን አገባው?»

አግብቶታል። የተጋባነው ጥር 2001 ዓ.ም. ነው። ፎቶ አንሺው ካሜራው ላይ የፈረንጁን ዓመት ሞልቶ ስለነበር ፎቶው ራሱን እ.ኤ.አ. 2009 ብሎ መዘገበ። ክርስትናው ሚያዝያ 2003 ዓ.ም. ነው። ክርስትናውን ያነሱት አጎት ግን ካሜራውን የገዙ ዕለት «ዓመተ ምሕረት ስንት ነው?» ተብለው ሲጠየቁ እንደማንኛውም ጤነኛ ሰው 2003 አሉ፤ ወሩን 8 አሉ፤ ካሜራውም አምኖ ነሐሴያቸው ላይ አስቀመጠው። ልጁ በካሜራው መዝገብ እናቱና አባቱ ከመጋባታቸው ከአምስት ዓመት በላይ አስቀድሞ ክርስትና ተነሳ።

ማክ ላይ ይህ ችግር አይታይም ነበር፤ ባለቤቴ ቀኑን ከዓመታት በፊት አርማዋለች። እርማቱ ግን የተቀመጠው ፕሮግራሙ ቋት ውስጥ ነው እንጂ ፎቶው ውስጥ አይደለም፤ ኦሪጅናሉ ሲወጣ አጎት የሞሉትን ቀን ይዞ ወጣ።

የእኛን ቀን ካሜራ ላይ መሙላት ሁልጊዜ አይሳካም፤ ያልተሳካለት ሰው ዕድለኛ ነው። ጥቅምት 30 ቀን ካሜራ የገዛ ሰው 2ኛ ወር፣ 30ኛ ቀን ብሎ ቢሞላ ካሜራው ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው አሻፈረኝ ይላል። በጳጉሜ የገዛ ደግሞ 13ኛ ወር ሲፈልግ ይውላል፤ ጣቱ 12 ላይ ደርሶ ወደ 1 ይመለስበታል። ያኔ ግራ ገብቶት ሻጩን ይጠይቃል፤ ሻጩም የፈረንጁን ይሞላለታል። በሚያዝያ የገዛ ግን የሚነግረው የለም።

ደግነቱ የዚህ ስህተት መድኃኒት ከሚመስለው ይቀላል። ካሜራው መነሻውን ተሳሳተ እንጂ ከዚያ በኋላ ቀን ሲቆጥር አልተሳሳተም። ስለዚህ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ማረም አያስፈልግም፤ በዚያ ካሜራ የተነሱትን ሁሉ አንድ ላይ መርጦ እኩል መግፋት ነው፣ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ከጥቂት ቀናት። ማክ ላይ ያለው ፕሮግራም የመጀመሪያውን ፎቶ ቀን ስታርሙለት ሌሎቹን በዚያው ልክ ይገፋል። ፋይሉ ውስጥ ያለውን ቀን ራሱን ለመለወጥ ደግሞ ኤግዚፍቱል የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ማክም ዊንዶውስም ላይ ይሠራል። ዓመቱን ገፋሁት፤ ልጁ ከሠርጉ በኋላ ተወለደ፤ አማቴም ወደ ቡናው ተመለሱ።

ሰዓቱ ደግሞ ነበር። ሠርጉን ከፎቶ አንሺው ሌላ ያነሱ ሁለት ሰዎች አሉ። የባለቤቴ ወንድም በስልኩ ያነሳል፤ ስልክ ሰዓቱን ከኔትወርክ ይወስዳል። አጎት በሌላኛው ካሜራቸው ያነሳሉ፤ እሳቸው ሰዓቱን የሚወስዱት ከእጃቸው ሰዓት ነው። የእጃቸው ሰዓት ሦስት ሲል ስልኩ ዘጠኝ ይላል። ስድስት ሰዓት ልዩነት ማለት ነው። የሁለቱ ፎቶ ሲቀላቀል አዲሱ ላፕቶፕ ላይ እንዲህ ያለ ሠርግ ተደገሰ፦ መጀመሪያ ኬክ ተቆረሰ፤ ቀጥሎ ጥሬ ሥጋ ተበላ፤ ከዚያ ሙሽሪት ፀጉሯን ተሠራች፤ ከዚያ «አናስገባም ሰርገኛ» ተባለ። ሆዳቸው የሞላ ሰዎች በር ላይ ለመግባት ሲጋፉ ይታያል። እኔም ባለቤቴን ከወላጆቿ ቤት ከመውሰዴ በፊት አብሬያት ስጨፍር ተገኝቻለሁ። ይህንንም ስድስት ሰዓት ገፍቼ አስተካከልኩት፤ ምሳው ከበሩ ግርግር በኋላ ሆነ።

ፎልደር መሰየም ላይ ስንደርስ ባለቤቴ ትነግረኛለች፤ እኔ እጽፋለሁ። «ት/ቤት ምረቃ» አለች። ጻፍኩ፤ ዊንዶውስ እምቢ አለ። ዊንዶውስ በፋይልና በፎልደር ስም ውስጥ የማይቀበላቸው ዘጠኝ ምልክቶች አሉት፤ አንዷ እዝባር ናት። ማክ ላይ ፎልደሩን «ት/ቤት» ብትሉት ምንም አይልም። እኛ ደግሞ ያለ እዝባር መኖር አንችልም። ት/ቤት፣ ጽ/ቤት፣ ወ/ሮ፣ ዶ/ር፣ ቅ/ጊዮርጊስ፣ አ/አ፤ ስማችንን፣ ማዕረጋችንን፣ መሥሪያ ቤታችንን፣ ደብራችንን የምናሳጥረው በእሷ ነው። «የ40/60 ዕጣ የወጣ ቀን» የሚለውማ በምን ይተካ? ባለቤቴ በሰረዝ አልስማማም አለች፤ «40-60 ሲሆን የኳስ ውጤት ይመስላል» አለች። በመጨረሻ «አርባ ስልሳ» ተብሎ በፊደል ተጻፈ።

የጥያቄ ምልክትም ክልክል ነው። ይህ የጎዳን ከሁሉም በላይ ነው፤ ምክንያቱም ከትልልቆቹ አልበሞቻችን አንዱ «ይህ ሰውዬ ማነው?» የሚል ነው። በየሠርጉ ፎቶ ላይ የሚገኝ፣ ሁልጊዜ መሐል የሚቆም፣ የሙሽራው ወገን የሙሽሪት ዘመድ የሚመስላቸው፣ የሙሽሪት ወገን የሙሽራው ዘመድ የሚመስላቸው ሰው አለ። እሱ ያለ ጥያቄ ምልክት «ይህ ሰውዬ ማነው» ተብሎ ሲጻፍ ክብሩ ይቀንሳል። የእህቴ ልጅ ግን አንድ ነገር አገኘ፦ የእኛ ሁለት ነጥብ (፡) እና የጥንቱ የጥያቄ ምልክታችን (፧) ከተከለከሉት ውስጥ የሉም። የፈረንጁን ሁለት ነጥብ የከለከለ ዊንዶውስ የብራናውን ሁለት ነጥብ ያሳልፈዋል። አሁን አልበሙ «ይህ፡ሰውዬ፡ማነው፧» ይባላል፤ ሰውየውም ማዕረጉ ጨምሯል።

ፍለጋውም ሌላ ነው። እኔ «ሠርግ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ባለቤቴ «ሰርግ» ብላ ትጽፋለች፤ ለማሽኑ ሁለቱ ፊደላት የማይተዋወቁ ናቸው። ስለዚህ አንድ ቀን የተጋባን ሁለት ሰዎች ሁለት የሠርግ ፎልደር ይዘን ተገኘን፤ አንዱ ሲፈለግ ሌላው አይመጣም። ሐዋሳ፣ ሀዋሳ፣ አዋሳ ተብሎ በተጻፈው ደግሞ ሦስት ከተማ የጎበኘን ይመስላል፤ ሦስቱም ጋ ያንኑ ዓሣ በልተናል።

የሰው ስም ላይ ብዙ ባልቆይ በወደድኩ፤ ግን አይታለፍም። ማክ ላይ ያለው ፕሮግራም ፊት ለይቶ ስም ይጠይቃል። ባለቤቴ እናቷን «እማዬ» ብላ ሰየመች። እኔም ሌላ ቀን እናቴን «እማዬ» ብዬ ሰየምኩ፤ ሌላ ምን ልበላት? ፕሮግራሙ «በዚህ ስም ሌላ ሰው አለ፤ ላዋህዳቸው?» አለ፤ ከልጆቹ አንዱ «አዎ» አለው። ከዚያ ወዲህ «እማዬ» የምትባል፣ ጠዋት ደሴ ከሰዓት ጉለሌ የምትገኝ፣ አንዳንዴም ከራሷ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጣ ቡና የምትጠጣ አንዲት ሴት ማክ ውስጥ ትኖር ነበር። ሁለቱ እናቶች በልጅ አስተዳደግ እንኳ ተስማምተው አያውቁም። ሆኖም ይህ የፊትና የስም ዝምድና ከፕሮግራሙ ጋር ይቀራል እንጂ ኤክስፖርት ሲደረግ ከፎቶው ጋር አይወጣም፤ ወደ ዊንዶውስ ስንሻገር ሁለቱም እማዬዎች ስም አልባ ሆነው፣ ግን ለየብቻ፣ ደረሱ። ከጉዞው ሁሉ በሰላም ያለቀው ይኸኛው ነው።

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው «ማክና ዊንዶውስ አይግባቡም» ይላል። እኔ ግን አይቻለሁ፣ ይግባባሉ። ዲስክ ላይ በኤክስፋት፣ ፎቶ ላይ በጄፔግ፣ ቀን ላይ በአንድ ካላንደር ተስማምተዋል። ያልተስማማው ቤታችን ውስጥ ያለው ሦስተኛው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው፦ ዓመቱ 13 ወር የሆነ፣ ሰዓቱ ከንጋት የሚቆጠር፣ ስሙን በእዝባር የሚያሳጥር፣ ሁለት ሰ፣ ብዙ ሀ፣ ሁለት እማዬ ያለው። እንዲያውም ከሁለቱ የበለጠ የተረጋጋ ሲስተም ነው፤ ስንት መንግሥት ሲለወጥ አንድ ቀን «እንደገና አስነሱኝ» ብሎ አያውቅም። ችግሩ ከእሱ ወደ ሌላ የሚያሻግር ፕሮግራም የሠራለት የለም፤ አሻጋሪው ቤቱ ውስጥ ፕሪንተር ያስተካከለው ሰው ነው።

የድሮዎቹ ግን ይህንን ችለውበት ነበር። የእናቴን የድሮ ፎቶዎች ገልብጣችሁ ብታዩ ጀርባቸው ላይ በሰማያዊ ቀለም የተጻፈ ታገኛላችሁ፤ ለማን እንደተሰጠ፣ ከማን እንደሆነ፣ የት ከተማ እንደተነሳ፣ ቀንና ዓመተ ምሕረቱ። ፎቶው ከአልበም ወጥቶ ሣጥን ውስጥ ቢገባ፣ ከሣጥን ወጥቶ ባሕር ቢሻገር፣ ጽሑፉ አብሮት ይሄዳል። እኛ ግን የጀርባውን ጽሑፍ ለፕሮግራም አደራ ሰጠነው፤ ፕሮግራም ደግሞ ያልፋል። አይፎቶ እ.ኤ.አ. በ2002 ወጥቶ በ2015 በሌላ ተተካ። ብዙ ሰው ዊንዶውስ ላይ ፎቶ ያደራጅበት የነበረው የጉግል ፒካሳ በ2016 ቆመ። እዚያ ውስጥ ዘመዶቹን ሲሰይም የኖረ ሰው ስንት ቅዳሜ ከሰዓት እንደፈሰሰበት እሱ ያውቃል።

ዲጂታል ፎቶም ጀርባ አለው። ኤግዚፍ የሚባለው ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጡት አሠራር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የካሜራውን ዓይነት ፎቶው ውስጥ ይመዘግባል፤ ከእሱ ሌላ ለርዕስ፣ ለመግለጫና ለመለያ ቃላት የሚሆን ቦታም አለ። የእኛ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ በአማርኛም ይጻፋል። ስለዚህ ከማክ ከመውጣታችሁ በፊት የሰውየውን ስም ፊቱ ላይ ብቻ አትተዉት፤ መግለጫው ወይም መለያ ቃሉ ላይ ጻፉት፤ ኤክስፖርት ስታደርጉ «ርዕስ፣ መለያ ቃልና መግለጫ ይካተት» የምትለዋን ሣጥን ምልክት አድርጉባት። ያ አብሮ ይሻገራል። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ የላካችሁት ግን ጀርባው ተፍቆ፣ መጠኑም አንሶ ነው የሚደርሰው፤ የቤት ሰነድ ከሆነ እንደ ፋይል ላኩት። የፎልደሩን ስም ደግሞ በዓመት ጀምሩት፤ የእነሱን ዓመት አስቀድሙ፣ የእኛን አስከትሉ፦ «2009 ጥር 2001 ዓ.ም. ሠርግ»። ማሽኑ በፊተኛው ይደረድረዋል፣ አማት በኋለኛው ያነቡታል። ኮፒው ካለቀ በኋላ የፎቶዎቹን ብዛት በሁለቱም በኩል አመሳክሩ። አሮጌውንም ቶሎ አትስጡ።

አሁን ሁሉም ነገር ከሞላ ጎደል ቦታ ቦታውን ይዟል። ይህን ሁሉ ደንብ ያልተቀበሉ ግን አሉ። ቀን የሌላቸው፣ ከማን እንደመጡ የማይታወቁ፣ ከዘመድ ሁሉ ደጋግመው የተላኩ የመልካም በዓል አበባዎች፣ የጠፋ የቀበሌ መታወቂያ ፎቶ። ከእነዚህ ጋር የተቀመጠ አንድ ያልጠበቅነው ወገን ደግሞ አለ። አይፎን እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ላይቭ ፎቶ የሚባል አለው፤ ቁልፉ ከመጫኑ በፊት አንድ ሰከንድ ተኩል፣ ከተጫነም በኋላ አንድ ሰከንድ ተኩል ይቀርጻል። ማክ ላይ ፎቶውና ቪዲዮው አንድ ሆነው ነው የሚታዩት። ኦሪጅናሉ ሲወጣ ተለያዩ፤ ፎቶዎቹ ወደየፎልደራቸው ገቡ፣ የሦስት ሦስት ሰከንድ ቪዲዮዎቹ መድረሻ አጡ። ፎቶው ላይ አጎት እንደ ሚኒስትር ቆመዋል፤ ቪዲዮው ላይ «ቆይ፣ ሆዴን ልሳብ» ይላሉ። ፎቶው ላይ አማቴ ነጠላቸውን አስተካክለው ፈገግ ብለዋል፤ ቪዲዮው ላይ «አሁን ይቺ እዚህ ምን ትሠራለች?» ይላሉ፤ «ይቺ» የተባለችውም ከጎናቸው ናት። «ይህ፡ሰውዬ፡ማነው፧» ራሱ አንዱ ቪዲዮ ላይ ዞር ብሎ አጠገቡ ያለውን «ሙሽሪት የትኛዋ ናት?» ሲል ተቀርጿል።

የእህቴ ልጅ እነዚህ ቦታ ስለሚይዙ ይጥፉ ብሎ ነበር፤ ቤተሰቡ በአንድ ድምፅ ውድቅ አደረገው። «ልዩ ልዩ» የሚል ፎልደር ተከፈተላቸው። ሰው ሲመጣ በዓመት የተደረደረውን፣ ሰዓቱ የተገፋውን፣ እዝባሩ የተፈታውን አልበም እጋብዛለሁ፤ እንግዳው በትሕትና ሁለት ፎቶ አይቶ «ልዩ ልዩን ክፈትልን» ይላል። ስብሰባ የለመደ ሰው አይገርመውም፤ አጀንዳው ተራ በተራ በጸጥታ ያልቃል፣ ሰው የመጣበት ጉዳይ የሚነሳው ልዩ ልዩ ላይ ነው።